የልጄ ሽቦና የእናቴ እርሾ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን ክፍል ስትጠርጉ ከአልጋው ሥር ቀይና ጥቁር ቀጫጭን ሽቦዎች፣ መታወቂያ የሚያክል ሰማያዊ ሰሌዳ፣ እንደ ምስር የተበታተኑ እግር ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ካገኛችሁስ ምን አደረጋችሁት? እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ሰብስቤ በፌስታል ቋጠርኩና ከቆሻሻው ጋር አወጣሁት።

ልጄ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። ለባግሩት ያጠናል ብዬ በሩን ስከፍት ሁልጊዜ የማገኘው በዚያ ሰሌዳ ላይ አቀርቅሮ ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ ታናክና ታሪክ አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጆችን "ጠይቁ፣ መርምሩ" ስል እውልና ማታ ቤቴ ስገባ የራሴን ልጅ "ይህን ኮተት አንሳልኝ" እላለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ልጁ ወደ ታች ወርዶ ትልቁን የቆሻሻ በርሜል በስልኩ መብራት ሲፈትሽ ከመስኮት አየሁት። መኪናው ጠዋት ወስዶታል። ተመልሶ ገባና አንድ ቃል ሳይናገረኝ ተኛ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደተናደድኩ ለራሴም ቶሎ አልገባኝም። የጎንደርን ኑሮ የምታውቁት ግን ትረዱኛላችሁ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ኦሪቱን በግዕዝ ያነቡ ነበር፤ እኔንም ገና ሳይነጋ ቀስቅሰው ጸሎት ያስጠኑኝ ነበር። የእናቴ አባት ግን ቀጥቃጭ ነበሩ። የአካባቢው ገበሬ በእሳቸው ማረሻ ሲያርስ፣ በእሳቸው ማጭድ ሲያጭድ ይከርምና ከብቱ ወይም ልጁ የታመመ ዕለት "ቡዳው በላብኝ" ይላል። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባሁ ዓመት ልጆቹ "የባለእጅ ልጅ" እያሉ ከአጠገባቸው ያስነሱኝ ነበር። ታዲያ እኔ ምን ብዬ አደግሁ? የሚከበረው ብዕር የያዘ እጅ ብቻ ነው ብዬ ነዋ። ልጄ መበየጃውን ይዞ፣ በሚጨስ ነገር ላይ ጎንበስ ብሎ ሳየው ከወናፋቸው አጠገብ የተቀመጡት አያቴ ታዩኝ። አፈርኩ። ያን እፍረት ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር ስኖር የጣልኩት መስሎኝ ነበር።

ዓርብ እናቴ ዘንድ ስሄድ ነገሩን አቤቱታ አስመስዬ ነገርኳት። "ቤቱን በሽቦ ሞላብኝ፤ ጣልኩበት" አልኳት። እናቴ ቡናውን እየቀዳች ነበር። ቀና ሳትል "የአባቴን ወናፍ አንስተው ቢጥሉበት ምን በልቼ አድግ ነበር?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አመጣች። እኔ ግን እሑድ ዕለት ልጄን ይዤ ሄጄ የጣልኩትን ሁሉ ገዛሁለት።

ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳችሁ፤ እኔም ከልጄ ነው የተማርኩት። ሰሌዳው አርዱዊኖ ይባላል። በ2005 በጣሊያን አገር ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ ከአንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት የወጣ ሥራ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረ ተማሪ እንኳ በርካሽ እንዲሠራበት ተብሎ የታሰበ ነው። ስሙ እዚያው ከተማ ከነበረ ቡና ቤት የተወሰደ ነው፤ ቁምነገር ብዙ ጊዜ ቡና ላይ እንደሚጀመር እኛ እናውቃለን። አሠራሩን ማንም እንዲያየውና እንዲቀዳው ስለፈቀዱ ዛሬ አምሳያው በጥቂት አሥር ሰቅል ይገኛል። በሰሌዳው ላይ የተቀመጠችው ጥቁር ቁራጭ ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ፕሮግራም የምትይዝበት ቦታ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አይገባባትም። ግን የተነገራትን አንዱን ነገር ሌሊትም ቀንም ሳትሰለች ትሠራለች። ዳርና ዳር ባሉት ቀዳዳዎች ሽቦ ይሰካል። በአንዱ መብራት ታበራለች፣ በሌላው ስለ ውጭው ዓለም ትጠይቃለች፦ ይሞቃል? ይጨልማል? ሰው አለፈ? መልሱን የሚያመጣላት ዕቃ ሴንሰር ይባላል።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። ሳጥን ሙሉ ዕቃ ከነሥዕሉ ይሸጣል። ልጁ ሥዕሉን እያየ ይሰካል፣ መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ ቤተሰቡ ያጨበጭባል፣ ሳጥኑ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ልጁ የሚማረው ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ እውነተኛ ችግር ሲያስጨንቀው ነው። የእኛም ነገር መንገድ የያዘው እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

እናቴ እንጀራ መጋገር ካቆመች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። "ጉልበቴ አልቻለም" አለችን፤ እኛም አመንናት። ከሱቅ እየገዛን እንወስድላት ነበር። አንድ ቀን ልጄ ሰሌዳውን ይዞ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ልጄ አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ የማያውቀውን ቃል በዕብራይስጥ ይሞላል።

"ሳብታ፣ እንጀራ ስትሠሪ እንዴት ታውቂያለሽ?"

"ምኑን ልጄ?"

"ሊጡ ሙኻን እንደሆነ።"

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። "ክዳኑን ስከፍተው መዓዛው ይነግረኝ ነበር" አለችው። "ከኮሮናው ወዲህ ግን አይሸተኝም።"

ወገኖቼ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ስድስት ልጆች ነን። በየሳምንቱ ቤቷ እንመላለሳለን፣ መድኃኒቷን እናመጣለን፣ ሐኪም ቤት እናደርሳታለን። ማሽተት እንደተሳናት አንዳችንም አናውቅም ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በአንድ ተዝካር ላይ ያለ ልክ የኮመጠጠ እንጀራ አቅርባ ኖሯል። ሰዎቹ በአክብሮት አንድ ሁለት ጎርሰው ወደ ጎን ሲያደርጉት አየች። ከዚያ ወዲህ ምጣዱን ጠቅልላ አስቀመጠችው። እኛ "አረጀች" አልን። ልጁ ግን ጠየቃት፤ ማሽኑ ራሱ መልስ ካልተሰጠው አይሠራማ። "ሲደርስ ይታወቃል" ብትሉት አይገባውም። በምን ይታወቃል? በስንት ሰዓት? በስንት ሙቀት? ልጁ እነዚህን ይዞ ነው የመጣ።

በመጀመሪያ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አመጣ። ጫፉ ጣት የሚያህል የብረት ዘንግ ሆኖ ውኃ አይገባውም፤ ከሊጥ ጋር እንዲነካካ በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልሎ ባልዲው ውስጥ አስገባው። ስክሪኑ ላይ የመጣው ቁጥር ከዜሮ በታች 127 ነበር። እናቴ ስትሰማ ሳቀች፤ "ኧረ ሊጤ በረዶ ሆነልሽ በሉኛ!" አለች። ልጁ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ላብ በላብ ሆነ። ለካስ ያ ቁጥር ብርድ አይደለም፤ "ሴንሰሩ አይመልስልኝም" ማለት ነው። ሬዚስተር የምትባል ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቁራጭ መሀል ላይ መግባት ነበረባት፤ ረስቷታል። ሲሰካት 14 ዲግሪ መጣ። ጥር ወር ነው፤ ባልዲው የተቀመጠው ሸክላ ወለል ላይ ነው። እርሾው ብርድ ላይ ተኝቶ ኖሯል!

ልጄ ወዲያው "ማሞቂያ አገናኝለታለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ያበራል" አለ። እዚህ ላይ አባትነቴን ተጠቀምኩና እምቢ አልኩ። እናንተም እምቢ በሉ። ሰሌዳው የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ በእጅ ቢነካ ሰው አይጎዳም። ግድግዳው ላይ ያለው መብራት ግን 230 ቮልት ነው፤ የእናቴ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ሊጥና ውኃ ነው። ከግድግዳ መብራት ጋር የሚያገናኝ ነገር ያለ ባለሙያ አይነካም። በዚያ ፈንታ እናቴ ባልዲውን ከወለሉ አንስታ መደርደሪያ ላይ አደረገችው፤ በአሮጌ ጋቢ ጠቀለለችው። በማግሥቱ 20 ሆነ። ልጁ ቅር አለው፤ ጋቢ ፕሮግራም የለውማ።

ሙቀቱ ብቻ ግን አልበቃም። አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ሲል በጊዜው ካልተጋገረ ይወርዳል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ እናቶች ታውቁታላችሁ። እናቴ ክዳኑን እየከፈተች ማየቱ ሰለቻት፤ ዓይኗም ደክሟል። ልጄ ሁለት ክብ ዓይን ያላት ሌላ ሴንሰር አመጣና ክዳኑን በስቶ ወደ ታች እንድታይ አደረጋት። ግን የምታየው በዓይን አይደለም። ልጅ ሆናችሁ ከብት ስትጠብቁ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ስትጣሩ የገደል ማሚቶ ይመልስላችሁ ነበር አይደል? ገደሉ ቅርብ ከሆነ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ቆይቶ። ይህችም እንደዚያ ናት። አንደኛው ዓይን በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ትልካለች፤ ሁለተኛው መልሱን ይሰማል። ሊጡ 10 ሴንቲሜትር ርቆ ከሆነ ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይፈጃል። ሊጡ ሲነሳ ጊዜው ያጥራል። የሌሊት ወፍም በጨለማ የምትበረው በዚሁ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሴንሰሯ "11 ሴንቲሜትር" አለች። ልጁ ወደ እናቴ ዞሮ "ደርሷል?" አላት። "ገና" አለችው። ጻፈው። "9 ሴንቲሜትር።" "ገና ነው፤ አረፋው ትልልቅ ነው፣ ተወው።" ጻፈው። "8።" እናቴ ክዳኑን ከፍታ ጎንበስ አለች። ማንኪያ ነከር አድርጋ አየችው። "አሁን" አለች። ልጁ 8 ቁጥር ላይ አከበበበት። ማሽኑ ስምንት እንደሆነ ያውቃል፤ ስምንት ምን ማለት እንደሆነ ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ቀኑን ሙሉ "ገና" እና "አሁን" ሲባባሉ ዋሉ። ልጄ "ኩፍ አለ"፣ "አብሲት"፣ "እርሾ" የሚሉትን ቃላት የለመደው ያን ጊዜ ነው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሮቹን በነዚሁ ስሞች በላቲን ፊደል ሰየማቸው።

የእኔ ተራ የደረሰው በፊደል ነው። ስክሪኗ ሁለት መስመር ብቻ ያላት፣ አማርኛ የማታውቅ ናት። እናቴ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች እንጂ የላቲን ፊደል አታነብም። ስክሪኗ ከራሷ ፊደላት ሌላ ስምንት ምልክት ብቻ ትቀበላለች፤ እያንዳንዱም ወደ ጎን 5 ወደ ታች 8 ነጥብ ነው። ልጄ ባለ ካሬ ወረቀት አምጥቶ "አባ፣ አንተ ጻፍልኝ" አለኝ። አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝን ልጅ አስቡት፤ በ50 ዓመቴ "ቀ"ን ከነጥብ ልሠራ ተቀመጥኩ። "ቀዘቀዘ" ቀላል ነው፤ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። "ሞቀ" አንድ ይጨምራል፤ ግን "ሞ" እምቢ ብላኝ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። "ደህና" ብለን ልንጨምር ስንል እናቴ ከወጥ ቤት "ሊጥ በሽተኛ ነው እንዴ ደህና የሚባል? ኩፍ አለ በሉ እንጂ!" አለችን። "ኩፍ አለ" አራት ፊደል ነው፤ በጠቅላላው ሰባት ሆነ። ስምንተኛው ባዶ ቀረ። ከልጄ ጋር እንደዚያ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ካመሸን ስንት ዓመት እንደሆነን ማስታወስ አልቻልኩም።

ነገሩ ሁሉ ግን ማር አልነበረም። አንድ ዓርብ እናቴ ጋግራ ጨርሳ ባልዲውን አጠበችና የሙቀት መለኪያውን መደርደሪያው ላይ ተወችው፤ አጠገቡ የሰንበት ፕላታ ነበረ። ልጄ ደግሞ "ከልክ በላይ ሲሞቅ ይጩህ" ብሎ ድምፅ ገጥሞለታል። ሻማው በርቶ፣ ዳቦው ተባርኮ፣ ገና አንድ ጉርሻ ሳንውጥ ቲት፣ ቲት፣ ቲት! የቄስ ቤተሰብ ቤት ውስጥ በሰንበት! ልጄ ሊነሳ ሲል እናቴ "እንዳትነካው!" አለች። ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ። እናቴ ወጥ ቤቱን ዘግታ ተኛች፤ ወይም የተኛች መሰለች። እኔ አባቴ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። ልጄ ቅዳሜን ሙሉ ቀና ብሎ አላያትም።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት እንደወጣ መፍትሔ ይዞ መጣ። ቀን የሚቆጥር ሰዓት፣ የፀሐይ መግባትን የሚያውቅ የብርሃን ሴንሰር፣ ምን የሌለው ነገር! ዓርብ ሲመሽ ራሱ ዝም ይላል። እናቴ አዳመጠችውና "ሰንበትን የማስገባው እኔ ነኝ እንጂ ሽቦው አይደለም። ማጥፊያ አድርግልኝ፤ እኔ አጠፋዋለሁ" አለችው። ጠዋት ትልቅ ቀይ ማጥፊያ ገጠመላት። እስከዛሬ ሻማ ከማብራቷ በፊት ጠቅ ታደርገዋለች።

በፋሲካ ደግሞ እንደ ደንቡ እርሾው ሁሉ ተደፋ፤ የኮመጠ ነገር ከቤት ወጣ። ድሮ እናቴ ከፋሲካ ማግሥት አዲሱን እርሾ የምታስነሣው በአፍንጫዋ ነበር። ያን ዓመት የልጄን ደብተር ገለጥን። እርሾ ያልገባበት ሊጥ አምስት ቀን ፈጀ፤ ልጁ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ወደ እሷ እየሄደ ጻፈው። በስድስተኛው ቀን ጋገረች። ዓይኑ ያማረ፣ ልኩን የኮመጠጠ እንጀራ ነበር። ለጎረቤት ላከች። ከተዝካሩ ዕለት ወዲህ ለሰው እንጀራ ስትልክ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ልጆቻችሁ ይህን ነገር ከጀመሩ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። መበየጃው ጫፉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ መስኮት ይከፈት፣ የሚቀልጠው ብረት እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ከሥራው በኋላ እጅ ይታጠብ። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ከቤት አውጡት። መትናሳችሁ ውስጥ ወይም ትምህርት ቤቱ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሁግ እንዳለ ጠይቁ። ዕብራይስጣችሁ ደካማ ነው ብላችሁ አትሽሹ፤ ልጁ ከእናንተ የሚፈልገው ዕብራይስጥ አይደለም። ችግኝ መቼ ውኃ እንደሚጠማው፣ ጠላ መቼ እንደሚደርስ፣ ጥጥ ስትፈትሉ ክሩ ሊበጠስ ሲል እጃችሁ ምን እንደሚሰማው ንገሩት። ዕቃውን ሳትጠይቁትም አትጣሉ፤ ለእናንተ ቆሻሻ የመሰለችው ቁራጭ የሦስት ወር ሥራ ልትሆን ትችላለች።

ሁለት ዓይን ያላት ሴንሰር ብዙ አልቆየችም፤ እንፋሎቱ አበላሻት። ሁለት ጊዜ ቀየርናት፣ ከዚያ እናቴ "ስምንቱን በጣቴ ለምጄዋለሁ" ብላ ተወቻት። የሙቀቱ ግን አለ። ልጄ አሁን ወታደር ነው፤ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴ ደወለችልኝ። "ያ በረዶው ቁጥር መጣ" አለችኝ። መነጽሬን ይዤ ሄድኩ። መቼስ አርዱዊኖ ከፍቼ አላውቅም፤ ልጄ ሲሠራ ያየሁትን እያስታወስኩ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተልኩ። ያቺ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሬዚስተር አንድ እግሯ ከቀዳዳዋ ወጥቶ ነበር። በጥፍሬ መልሼ ሰካኋት። ስክሪኗ ትንሽ ቆየችና 15 አለች፤ ከሥሩም እኔ በነጥብ የጻፍኩት ፊደል መጣ፦ ቀዘቀዘ።

እናቴ አጠገቤ ቆማ ፊደሉን ቀስ ብላ አነበበችው። ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደችና ባልዲውን ጠቀለለችው።